ሸክላ ፍለጋ ቀይ አፈር

ሸክላ ሰብሳቢ የሚባል የሰው ዓይነት አለ። ዘፈን ይገዛል፤ አይሰማውም። መርፌው በዞረ ቁጥር ሸክላው ላይ የተቀረጸውን መስመር በጥቂቱ ይፍቀዋልና፣ የገዛውን በላስቲክ አልብሶ፣ ላስቲኩን በሌላ ላስቲክ ሸፍኖ፣ ፀሐይ በማያገኘው መደርደሪያ ላይ በጎኑ ያቆመዋል። ዘፈኑ ሲያምረው ስልኩን ያወጣና ከኢንተርኔት ያዳምጠዋል። ሚስት ያለው እንደሆነ ደግሞ የገዛበትን ዋጋ በግማሽ ቀንሶ ነው የሚነግራት። ይህን ከራሱ ከሰብሳቢ አፍ ነው የሰማሁት፤ እኔ የጨመርኩበት የለም።

የሰማሁት ግን ለንደን አይደለም፤ አዲስ አበባም አይደለም። ቀይ አፈር ነው፤ ሐሙስ ቀን፣ ገበያው ደርቶ።

ቀይ አፈር የበና ፀማይ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከኮንሶ ተነስቶ ወይጦን ተሻግሮ ወደ ጂንካ የሚወጣ ሁሉ ያልፍባታል። ሐሙስ ሐሙስ በናውም፣ ፀማዩም፣ አሪውም፣ ሐመሩም ይገናኝባታል። ማር አለ፣ ቅቤ አለ፣ ማሽላ፣ ቅል፣ የቡና ገለባ፣ ፍየል አለ። የበና ወንድ በርኮታውን ሳይዝ ገበያ አይወጣም፤ ሲደክመው ይቀመጥበታል፣ ጋደም ሲል ይንተራሰዋል። ቱሪስቱም ሐሙስን ቆጥሮ ይመጣል። ገና ከተማ ሳይገባ የበና ልጆች ረጃጅም እንጨት ላይ ቆመው መንገድ ዳር ይጠብቁታል፤ ላንድክሩዘሩ ፍጥነቱን ሲቀንስ እነሱ ይጨምራሉ። የፎቶ ሂሳብ እዚህ በግልጽ የታወቀ ነው፤ ካሜራው ቀጭ ባለ ቁጥር ይቆጠራል፤ ሁለት ጊዜ ቀጭ ካደረገ ሁለት ነው፤ «ሁለተኛው ደብዝዞብኛል» የሚል ክርክር አይሰራም።

ስለዚህ ገበያው ላይ ፈረንጅ ብርቅ አይደለም። ካሜራ ያልያዘ ፈረንጅ ግን ብርቅ ነው። ይሄኛው ካሜራ አልያዘም። በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ያቀፈው አንድ አራት ማዕዘን ካርቶን ነበር፤ ፍየል የሚነዳ ሰው በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር ጀርባውን እየሰጠ ካርቶኑን ይከልላል።

አስጎብኚው ልጅ ነው ይዞብኝ የመጣው። «ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ የድሮ ሸክላ ይፈልጋል፤ የዘፈን። መቼም እርስዎ አሮጌ ነገር አያጡም» አለኝ። ዕድሜዬን መንካቱ ነው። ዝም አልኩት፤ እንግዳ ባለበት የሰው ልጅ አይቆጡም።

የቡና ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ሸክላ እዚህ እንደማይገኝ በትሕትና ነገርኩት። እኔ የማስታውሰው ካሴት ነው። ክሩ ሲላላ በእስክሪብቶ እየጠመጠምን፣ የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ዘፋኙ አብሮ እየደከመ፤ ጥላሁን ገሠሠ ድንጋዩ ሊያልቅ ሲል ድምፁ ጎርንኖ ጎርንኖ መነኩሴ ይሆን ነበር። ያን ጊዜ ድንጋዩን አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ ሌላ ሁለት ዘፈን ያወጣል። አስጎብኚው ይህን ሲተረጉምለት ሰውየው በደስታ ማስታወሻ ደብተር አወጣ። ስለ ሸክላ ጠይቆ ስለ ባትሪ ድንጋይ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ነው የልቡን የነገረኝ።

ሰውየው የሚሰበስበው «ሳይኬዴሊክ ፎክ» የሚሉትን ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ70ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዝና የአሜሪካ ወጣቶች የአያቶቻቸውን የባላገር ዘፈን አንስተው፣ ጊታሩ ላይ ፍሉት፣ ፍሉቱ ላይ የህንድ ሲታር ጨምረው፣ ጭስም ሳይለያቸው የተጫወቱት ነው። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እቀጥላለሁ፤ ሰብሳቢዎች ሌላ አቆጣጠር አያውቁም።) ዝነኞቹን አይፈልጋቸውም። ዝነኛ ሸክላ ብዙ ታትሟል፤ ብዙ የታተመ ደግሞ ረክሷል። እሱ የሚፈልገው ሲወጣ ማንም ያልገዛውን ነው። ቫሽቲ ባንያን የምትባል እንግሊዛዊት ነበረች፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ በፈረስ ጋሪ ከለንደን ተነስታ ወደ ስኮትላንድ ደሴቶች ተጓዘች። በጉዞው ላይ የሠራቻቸው ዘፈኖች በ1970 ሸክላ ሆነው ወጡ፤ ሰው ዞር ብሎ አላያቸውም። ተስፋ ቆርጣ ዘፈኑን ተወች፣ ልጆቿንና ከብቶቿን ማሳደግ ያዘች። 30 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ2000፣ ያ ሸክላ እንደገና ታተመ፤ ዓለም «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» አላት። የመጀመሪያው ኅትመት ዛሬ በስንት እንደሚሸጥ ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። በዚያ ገንዘብ እኛ ገበያ ላይ በሬ ሲገዛ ሊውል ይችላል።

እኔም አልተኛሁለትም። የኛም አገር እንዲህ ያለ ታሪክ አያጣም አልኩት። ለካ ከኔ የበለጠ ያውቃል።

ኃይሉ መርጊያን ከነዝርዝሩ ነገረኝ። ዋልያስ ባንድ አዲስ አበባ ሂልተን ይጫወት የነበረ ጊዜ፣ በ1977፣ «ቼ በለው» የሚባለውን ሸክላ በካይፋ ሪከርድስ አወጣ። ሁሉም ሰው የሚያውቀው «ሙዚቃዊ ስልት» እዚያ ውስጥ ነው፤ አርዕስቱን የማያውቅ እንኳ ዜማውን ሲሰማ ትከሻው ያውቀዋል። ያ ጊዜ ካሴት ሸክላን እየገፋ የነበረበት ነውና ከመጨረሻዎቹ ሸክላዎች አንዱ ሆነ። ባንዱ በ1981 አሜሪካ ሄደ፤ ገሚሱ ተመለሰ፣ ኃይሉ ቀረ። ቀረና ዋሽንግተን አካባቢ፣ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ያስቀምጥና ተራ ሲጠብቅ አውጥቶ ይለማመዳል። ስንቱ ተሳፋሪ ሻንጣውን ከዚያ ኪቦርድ አጠገብ ጭኖ፣ ሒሳቡን ከፍሎ፣ «መልስ ያዘው» ብሎ ወርዷል! ኃይሉ ታክሲ በሚነዳባቸው ዓመታት ያ ሸክላ በጨረታ በሺህ የሚቆጠር ዶላር ያወጣ ጀመር። ሸክላውን የሠራው ሰው በማይል እየተከፈለው ነበር የሚኖረው። ኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ ባሕር ዳር ከአንድ ካሴት ቤት የኃይሉን የ1985 ካሴት፣ «ሸሞንሟናዬ»ን ገዝቶ፣ ሰውየውን አፈላልጎ አገኘውና በ2013 እንደገና አሳተመው፤ በዓመቱ ደግሞ «ቼ በለው» ተከተለ። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ።

«ታዲያ አሁን ደስ አይልህም? እንደገና ታተመ፣ ሁሉም ሰማው፣ ዋጋውም ረከሰ» አልኩት።

ደስ አላለውም። ደግነቱ አልዋሸኝም። «መታተሙ ጥሩ ነው፤ ግን እኔ የምፈልገው የመጀመሪያውን ነው» አለ።

ከዚያ ወደ ሸክላ ንግዱ ታሪክ ገባን፤ እኔም ከማውቀው ወረወርኩ። በ1948 በወጣ አዋጅ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። የክብር ዘበኛውም የፖሊስ ሠራዊቱም ኦርኬስትራ ማታ ማታ ከተማውን ሲያስጨፍር፣ ድምፁን ግን አስቀርቶ የሚሸጥ አልነበረም። በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል የሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣት አዋጁን አውቆ ተዳፈረው። የአለማየሁ እሸቴን ድምፅ ቀረጸና ሕንድ ልኮ አሳተመው። ለእስር ተዘጋጅቶ ነበር፤ ያገኘው ግን ሱቁን የሞላ ገዢ ነው። በ6 ዓመት ገደማ ከ100 በላይ ባለ 45 ዙር ሸክላ አወጣ፤ እነ ካይፋም ተከተሉት። በ1975 አምሃ አገር ለቆ ወጣ። እነዚህ ሁሉ ሸክላዎች ተበትነው፣ ተረስተው፣ አንዳንዱ የቡና ስኒ ማስቀመጫ ሆኖ ከርሞ፣ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም እያከታተለ በሲዲ አወጣቸው። ያሳተመለት ድርጅት ስሙ ቡዳ ሙዚክ ነው። እኛ አገር በዚህ ስም ሱቅ የሚከፍት ደፋር ገና አልተወለደም።

ሰውየው በዚህ መሃል ካርቶኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ይደባብሰዋል። ውስጡ አዲስ አበባ የገዛው የአምሃ ሪከርድስ ባለ 45 ነበር። የሰብሳቢዎቹን ደረጃ አሰጣጥም ያን ጊዜ ተማርኩ። ሻጩ «በጣም ጥሩ» ካለ ሸክላው ይንጫጫል ማለት ነው። «ጥሩ» ካለ ደግሞ አትንካው፤ ዘፋኙን ከጭረቱ ለይቶ መስማት አይቻልም። ከዚህ የባሰ ትሕትና የትም አይቼ አላውቅም። የሱ ግን ከነዚህ ሁሉ በላይ ነው፤ ሃምሳ ዓመት ጭረት ሳይነካው የቆየ። ሊያሳየኝ ካርቶኑን በጥንቃቄ ከፈተ፣ አንዱን ላስቲክ አወለቀ፣ ሁለተኛውን አወለቀ።

ሸክላው ጠርዙ እንደ ደረቀ እንጀራ ተነስቷል።

ዝም አለ። አስጎብኚውም ዝም አለ። ነገሩን እየመለስን ስንመረምር ጥፋቱ የወይጦ ሆኖ ተገኘ። ወይጦ ቆላ ነው። ምሳ ሊበሉ መኪናውን ፀሐይ ላይ አቁመው፣ መስኮቱን ለሌባ ብለው ግጥም አድርገው ዘግተው ገብተዋል። ሸክላ ቪኒል ነው፤ 60 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይልፈሰፈሳል። በቆላ ፀሐይ የተዘጋ መኪና ደግሞ እዚያ ለመድረስ ክትፎ ታዝዞ እስኪመጣ አይፈጅበትም። ሌባው ቢወስደው ኖሮ ቢያንስ ሳይጣመም ይቀር ነበር።

ሰውየው ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። እውነቱን ለመናገር አሳዘነኝ። ሰው ላም ሲሞትበት የሚያሳየውን ፊት ነው ያሳየው፤ እዚህ አገር ደግሞ ያን ፊት የማያከብር የለም። በአጠገባችን የነበሩ የበና ሽማግሌ በርኮታቸውን ሳብ አድርገው ተጠጉና «ምን ሞተበት?» ብለው አስጎብኚውን ጠየቁት። «ዘፈን» አለ ልጁ። ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። ግር ያላቸው አይመስልም።

መድኃኒቱን ያወቀው ራሱ ሰውየው ነው። ሰብሳቢዎች የተጣመመ ሸክላ በሁለት ጠፍጣፋ መስታወት መሃል አድርገው በልክ ያሞቁታል፤ ከዚያ ከላይ ከባድ ነገር ጭነው ቀስ ብሎ እንዲበርድ ይተውታል። ሙቀቱ አለ፤ መስታወቱ ጠፋ። ቀይ አፈር ላይ ጠፍጣፋ መስታወት የት ይገኛል? የመኪናው መስኮት ጎባጣ ነው። የቡና ቤቱ መስኮት እንጨት ነው። በመጨረሻ ሁላችንም ባንድ ጊዜ ግድግዳውን አየን። ሁለት ፎቶ ተሰቅሏል፤ አንዱ የቡና ቤቱ እመቤት የሠርግ ፎቶ፣ ሌላው የልጇ የምረቃ ፎቶ።

«ምን ሊያደርጉት ነው?» አለች እመቤቲቱ፣ ሲኒ እያጠበች።

ተነገራት። ሲኒውን አስቀመጠች፣ ሰውየውን ካየች በኋላ ሸክላውን አየች። «ለዘፈን ከሆነ ውሰዱት። ግን ፎቶዎቹን አውጡልኝ፤ ባሌ በሕይወት እያለ ያልመታው ፀሐይ አሁን አይምታው» አለች።

ፎቶዎቹ ወጥተው ቆጥ ላይ ተቀመጡ። ሸክላው በሁለቱ መስታወት መሃል ገባ። ሾፌሩ የላንድክሩዘሩን ኮፈን በሸሚዙ እጅጌ ወለወለ፤ መስታወቱ እዚያ ላይ ፀሐይ ፊት ለፊት ተሰጣ። ሰውየው ከጎኑ ቆሞ በየደቂቃው በጣቱ ይነካዋል፣ ጎንበስ ብሎ ጠርዙን ይለካዋል፣ ሰዓቱን ያያል። ከደቂቃዎች በኋላ ገበያው ግማሹ እኛ ዘንድ ነበር። ማር የያዘችው ማሯን አስቀምጣ፣ ፍየል የሚነዳው ፍየሉን አስሮ፣ ልጆች ተጋፍተው። ከዚያ አንዱ ወጣት ስልኩን አወጣ። ቀጥሎ ሌላው። በትንሽ ጊዜ ውስጥ ፈረንጁ ላብ በላብ ሆኖ መስታወት ላይ እንዳጎነበሰ ከአሥር በላይ በሆነ ስልክ ተነሳ፤ ከፊት፣ ከጎን፣ ቪዲዮም ጭምር።

አስጎብኚው ነገሩ ሲገባው ሳቁ አመለጠው። ለሰውየው በጆሮው አንድ ነገር ነገረው። ሰውየው ቀና አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ፤ እጁን ዘርግቶ በአማርኛ «አንድ ፎቶ፣ አምስት ብር!» አለ። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። አንዲት የበና ልጅ ከመቀነቷ ብር ፈትታ ሰጠችው። ቆም ብላ አሰበችና፣ ሁለት ጊዜ አንስታው ስለነበር፣ ሌላም ጨመረችለት። ሕግ ሕግ ነው።

ሸክላው ከሞቀ በኋላ መስታወቱን ወደ በረንዳው ጥላ አስገባነው። ከላይ ጨው በፌስታል ተጫነበት። እስኪበርድ መጠበቅ ነው። ሰውየው የቡና ገለባ ፍል በቅል ተሰጥቶት እየጠጣ ነበር ዋናውን ምስጢሩን ያወጣው። ቀይ አፈር የመጣው እንዲያው ሸክላ ለመፈለግ አይደለም። ቤቱ መደርደሪያ ላይ የዚህ አገር ሸክላ አለው፤ ያ ሸክላ የተቀዳበትን አገር ማየት ፈልጎ ነው።

ነገሩ እውነት ነው። ኢቮ ስትሬከር የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ ከሌላዋ ተመራማሪ ከጂን ሊዳል ጋር ሆኖ ከ1970 ጀምሮ ሐመር ውስጥ ዳምባይቲ በምትባል መንደር ኖሯል። የሐመሩ ባልዳምቤ ያጫወታቸውን በ1979 መጽሐፍ አድርገው አወጡት፤ በዚያው ዓመት በርሊን ያለው ሙዚየም የሐመርን ሙዚቃ በሸክላ አሳተመ። ስትሬከርን ጂንካም ታውቀዋለች፤ ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ ያለው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም እንዲመሠረት ዋናውን ሥራ የሠራው እሱ ነው። እኔ ሙዚየሙን ስንት ጊዜ ወጥቼ አይቻለሁ፤ የጥጃ ቆዳውን፣ ዶቃውን፣ በርኮታውን ሁሉ። ሸክላ መኖሩን ግን ከዚህ ሰው ነው የሰማሁት።

ገርሞኝ ቆየሁ። ምኒልክ መኪና ይማሩ ብለው ጀርመን የላኳቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው በአማርኛ የመጀመሪያውን ሸክላ እዚያው ያስቀዱት፤ ከመኪናው ጋር ግጥምና ዜማ አስከትለው። ከ70 ዓመት ገደማ በኋላ የሐመርም ድምፅ ጀርመን ሄዶ ሸክላ ሆነ። ከኛ አገር የሚዘፍን ሰው ሁሉ በበርሊን በኩል ማለፍ ያለበት ይመስላል። ልዩነቱ ነጋድራስ ሄደው መዝፈናቸው ነው፤ ሐመሮቹ በሬያቸውን ትተው የትም አልሄዱም፤ ማይክሮፎኑ ነው የመጣላቸው።

«ስልኬ ላይ አለ» አለ ሰውየው። ሸክላውን እንዳይሰማው ወደ ስልኩ ገልብጦታል።

ለሽማግሌው አጫወተላቸው። የበናና የሐመር ቋንቋ አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ሽማግሌው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ዓይናቸውን ወደ ፍየሎቹ አድርገው አዳመጡ። ወንድ ነው የሚዘፍነው፤ ብቻውን፤ ድምፁ ሻካራ ነው፤ ከኋላ ውሻ ይጮሃል። ሰውየው ውሻውንም ይወደዋል፤ «ስቱዲዮ ውስጥ ይሄን ማን ያገኛል?» ይላል። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ሰውየው ደብተሩን ከፍቶ እስክሪብቶውን አዘጋጀ፤ የዘፋኙን ስም፣ የዘፈኑን ዓይነት፣ ከተቻለ ትውልዱን ሊጽፍ።

«ስለ በሬው ነው» አሉ ሽማግሌው በአስተርጓሚ።

«ዘፋኙስ ማነው?»

ሽማግሌው ጥያቄውን አለፉት። «ጥሩ በሬ ነው። ቀንዱን አሳምሮ ነግሮታል። አሁን የማን ነው?»

አስጎብኚው ዘፈኑ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው እንደሆነ አስረዳቸው። ሽማግሌው አልተበሳጩም። የበሬው ዘር አይጠፋም፤ ከየትኛው መንደር እንደሆነ ቢነገራቸው የልጅ ልጁን ያገኙታል፤ ምናልባትም ይገዙታል። ሰውየው ይህን ሁሉ ጻፈ። ሸክላው ላይ ስለሌለው ነገር ይህን ያህል መስማቱ ነው፤ እኔ ግን እሱ የሚጽፈውን ሳይሆን ሽማግሌውን ነበር የማየው፤ ስልኩን ገና አልመለሱትም፤ ሌላ እንዲጫወትላቸው እየጠበቁ ነው።

በዚህ ጊዜ ነው ቅድም ፎቶ ሲያነሱ ከነበሩት አንዱ ወጣት ስልኩን ይዞ የቀረበው። ፀጉሩን በዶቃ የያዘ፣ ቲሸርቱ አርሰናል የሆነ የበና ልጅ ነው። «በዜንደር ላክልኝ» አለ።

ሰውየው አልገባውም፤ ዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ የሚላክበት መሆኑን አስጎብኚው ነገረው። ሲገባው ፊቱ ተለዋወጠ። መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ስልኩን ከሽማግሌው እጅ ተቀበለ። ከዚያ ስለ መብት ተናገረ፤ የሙዚየሙ ነው፣ የቀራጩ ነው፣ መጠየቅ አለበት አለ። መብቱ እውነት ነው፤ አልክድም። ግን ፊቱ ላይ ያየሁት የመብት ነገር አልነበረም። የመጀመሪያውን ኅትመት ያሳደደ ሰው ፊት ነው። አንዴ በዜንደር ከተላከ፣ ማታ ዲመካ ይደርሳል፤ ሰኞ ቱርሚ ገበያ ላይ ነው፤ ሳምንት ሳይሞላ በየጂፓስ ድምፅ ማጉያው ይጮሃል። ከዚያ በኋላ መደርደሪያው ላይ ያለው ምንድነው?

አርሰናሉ ልጅ ስለ መደርደሪያ የሚያውቀው የለም። «የኛ ዘፈን ነው እኮ» አለ። ቁጣም የለውም፤ ግራ ገብቶት ነው። ከሱ ጋር ስልክ የያዙ ሌሎች ሦስት ተሰልፈዋል።

እኔ ጣልቃ አልገባሁም፤ ገለባዬን ጠጣሁ። እመቤቲቱ ናት የገባችው። ጨው የተጫነውን መስታወት በአገጯ እያመለከተች፣ «የሠርጌን መስታወት አልሰጠሁህም?» አለችው። አስጎብኚው ተረጎመ፤ መተርጎምም ባያስፈልገው። ሰውየው ትንሽ ቆየና ስልኩን ከፈተ። ዜንደር አልነበረውም። አርሰናሉ ልጅ በራሱ ኢንተርኔት ጭኖለት፣ ስልኩን ነካክቶ፣ ራሱ ከሰውየው ስልክ ወደ ራሱ ላከው። ከዚያ ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው። ሰውየው ማየት አልፈለገም፤ ወደ መስታወቱ ዞሮ ጨዉን አነሳ።

ሸክላው ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ተስተካክሏል። ጠርዙ ላይ ትንሽ ሞገድ ቀርቷል። ይሄ በሻጭ ቋንቋ ምን ደረጃ እንደሚያገኝ ጠየቅሁት። «በጣም ጥሩ» አለኝ፤ ሁለታችንም ሳቅን። ፎቶዎቹ ወደ ግድግዳቸው ተመለሱ፤ ተመራቂው ልጅ ቀድሞ ከነበረበት በተቃራኒ ተሰቅሎ ስለነበር እመቤቲቱ አስተካከለችው። ሰውየው ለመስታወቱ ሊከፍላት ሲል አልተቀበለችውም፤ ለገለባው ግን ከሌላው ሰው እጥፍ አስከፈለችው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ስልኬ ላይ ትንሽ ዘፈን ላስጭን ብዬ ሚሞሪ የሚጭነው ልጅ ጋ ሄድኩ። ቆርቆሮ ሥር አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ጂፓስ ነው ያለው። ዘፈኑን በየፎልደሩ ደርድሮታል፤ ትዝታ፣ ወላይታ፣ ጎፋ፣ ጉራጌ፣ መንፈሳዊ፣ ሂንዲ። የሐመር የሚል ፎልደርም አለው፤ እኔ የምፈልገው ግን እዚያ የለም። በሬውንና ውሻውን ነገርኩት።

«እሱ? እሱ ፈረንጅ ውስጥ ነው» አለኝ፣ ጠቋሚውን እያወረደ። እውነትም፣ ከአዴልና ከሴሊን ዲዮን በታች ተቀምጧል።

ከኋላዬ ተራ ይጠብቅ የነበረ የበና ጎልማሳ ቋንቋውን ሲሰማ ቀረበ። «ይሄ ሐመር ነው። ለምን ፈረንጅ ውስጥ ገባ?» አለ።

«ያመጣው ፈረንጅ ነዋ።»

«ፈረንጁስ ከየት አመጣው?»

«እሱን ተወው፤ ትጭናለህ አትጭንም? የፈረንጅ ዘፈን ሁለት ብር ይጨምራል።»